የአፍሪካን ጠንካራ እንጨቶች በቶርኖ ስለመሥራት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ዞጲን፣ ፓዱክን፣ ዌንጌንና የመሳሰሉትን እንጨቶች በቶርኖ (እንጨትን እያሽከረከረ በመሮ በሚያስቀርጽ ማሽን) መሥራት የጀመሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል።

«የአፍሪካ ጠንካራ እንጨት» ሲባል የትኞቹን ዛፎች ማለት ነው?

ስያሜው እርስ በርሳቸው እጅግ የሚለያዩ ብዙ ዝርያዎችን የሚያቅፍ ነው። ከሁሉ ይልቅ ዝነኛው በስዋሂሊ ምፒንጎ የሚባለው፣ በተለይ ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ የሚመጣው ጥቁር እንጨት ሲሆን፣ የማኮንዴ ቀራጮች ሐውልቶቻቸውን የሚፈለፍሉት፣ የክላርኔትና የኦቦ ሠሪዎችም የትንፋሽ የሙዚቃ መሣሪያዎቻቸውን የሚያበጁት ከእርሱ ነው። ከመካከለኛው አፍሪካ ደኖች ኢቦኒ የሚባለው ጥቁሩ ዞጲ፣ ደማቅ ቀዩ ፓዱክ፣ ጥቁር ቡናማው ዌንጌ፣ ቡቢንጋ፣ እንደ ሜዳ አህያ የተሸነተረው ዜብራኖ፣ ሳፔሌና አፍሮርሞዚያ ይገኛሉ። ከደቡባዊው የአህጉሩ ክፍል ደግሞ ሞፓኔ፣ ታምቡቲ እንዲሁም ከክብደቱ የተነሣ «የእርሳስ እንጨት» የተባለው ዛፍ ይመጣሉ። ወይራና ዋንዛም ከዚሁ ምድብ ናቸው።

«ጠንካራ እንጨት» የሚለው ቃል በዕፅዋት አከፋፈል ቅጠለ ሰፊ ዛፎችን የሚያመለክት እንጂ ጥንካሬን የሚለካ አለመሆኑን ልብ ማለት ይገባል። በምድቡ ውስጥ ያለው ልዩነት ሰፊ ነው፤ የደረቀ ሳፔሌ በአንድ ሜትር ኩብ 670 ኪሎ ግራም፣ ፓዱክ 750፣ ዌንጌ 870፣ ቡቢንጋ 890 ያህል ሲመዝኑ፣ ምፒንጎ ግን ከ1200 ኪሎ ግራም ያልፋል። የውኃ ክብደት በሜትር ኩብ 1000 ኪሎ ግራም በመሆኑ ምፒንጎ ውኃ ውስጥ ሲጣል እንደ ድንጋይ ይሰምጣል። ለሳፔሌ የሚሆነው አሠራር ለምፒንጎ የማይሆነው በዋናነት በዚህ ምክንያት ስለሆነ፣ አንድን እንጨት ከመጀመር አስቀድሞ ክብደቱን ማወቅ ስሙን ከማወቅ ይልቅ ይጠቅማል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው በየትኛው ቢጀምር ይሻለዋል?

በእኔ ግምት በፓዱክ ቢጀምር ይሻለዋል። ክብደቱ መካከለኛ ነው፤ በተሳለ መሮ ሲቆረጥ ንጹሕና ለስላሳ ገጽ ይሰጣል፤ ከደረቀ በኋላ ቅርጹን አይለውጥም፤ በሰፋፊ ቁራጭም ይገኛል። ቅርጹን ቀድሞ በተራ እንጨት ሠርቶ መለማመድና ያንኑ በፓዱክ መድገም ደግሞ ብዙ እንጨት ከብክነት ያድናል።

በዌንጌ ግን መጀመር አይገባም። ዌንጌ ደረቅ፣ ክሩ ሻካራና በቀላሉ የሚሰነጠር እንጨት ሲሆን፣ ስንጥሩ ጣት ውስጥ ሲገባ ቁስሉ በቶሎ የማመርቀዝ ጠባይ አለው። ዞጲና ምፒንጎም ቢሆኑ የሚያስቸግሩት ጀማሪው መቁረጥ ስለማይችል ሳይሆን፣ በቀላሉ የሚሰነጠቁና ለስሕተት ቦታ የማይሰጡ በመሆናቸው ነው።

መሮዬ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚደነዝዘው ለምንድን ነው?

ዋናው ምክንያት ጥግግት ነው፤ ስለቱ በአንድ ዙር የሚቆርጠው ክር በቀላል እንጨት ከሚቆርጠው እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ምክንያት አንዳንዶቹ ዛፎች በውስጣቸው ማዕድን ማከማቸታቸው ነው። ኢሮኮ በዚህ ረገድ የታወቀ ነው፤ በግንዱ ውስጥ ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠራ፣ ከውጭ የማይታይ ድንጋይ የሚመስል ጥጥር ስለሚያበቅል፣ መሮው በድንገት በዚያ ላይ ሲያርፍ ስለቱ ይሸረፋል።

መፍትሔው አዘውትሮ መሳል ነው። በጠንካራ እንጨት ላይ የሚሠራ ሰው በየአምስትና በየዐሥር ደቂቃው ወደ መሳያው መመለሱን እንደ መዘግየት ሊቆጥረው አይገባም፤ የደነዘዘ ስለት መቁረጡን ትቶ ይፍቃል፣ ሲፍቅ ያሞቃል፣ ሙቀቱም እንጨቱን ይሰነጥቃል። የመሮዎቹ ብረት ከተራ የካርቦን ብረት ይልቅ ለከፍተኛ ፍጥነት ተብሎ የተቀመመው ዓይነት ቢሆን ስለቱ ብዙ እጥፍ ይቆያል። ጎድጓዳ ዕቃ ለሚሠራበት ጎድጓዳ መሮ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ያለው አሳሳል ከሾለው ይልቅ ይጸናል፤ ለዞጲና ለምፒንጎ መጨረሻ ማስተካከያ ደግሞ ከላይም ከታችም የተሳለ መፋቂያ፣ በእጅ ቀለል ተደርጎ ከተያዘ፣ እንደ ጸጉር የቀጠነ ፍቅፋቂ እያወጣ ገጹን እንደ መስተዋት ያደርገዋል።

ስለቱ መደነዙን የሚነግረን ፍቅፋቂው ነው። ረጅሙ ፍቅፋቂ ቀርቶ ብናኝ ብቻ መውጣት ሲጀምር፣ ወይም እጅ ሳያስበው መሮውን መጫን ሲጀምር፣ ቶርኖውን አቁሞ መሳል ይገባል።

ቶርኖው በምን ያህል ፍጥነት ቢሽከረከር ይገባል?

ለጎድጓዳ ዕቃ ጥቅም ላይ የሚውለው የተለመደ ስሌት የዕቃው ዲያሜትር በሴንቲ ሜትርና የቶርኖው ዙር በደቂቃ ሲባዙ ከ15,000 እስከ 23,000 ባለው ውስጥ እንዲሆኑ ነው። ስለዚህ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ገበቴ ከ750 እስከ 1150 ዙር ይበቃል። ለቀጫጭን ሥራዎች፣ ለምሳሌ ለእስክርቢቶ፣ ስሌቱ የማይደርስበት ፍጥነት ስለሚሰጥ በደቂቃ 2500 ዙር አካባቢ ማሠራት በቂ ነው።

ከባድ እንጨት ላይ ግን ይህ ጣሪያ እንጂ መነሻ አይደለም። ዲያሜትሩ 25፣ ውፍረቱ 8 ሴንቲ ሜትር የሆነ የቡቢንጋ ቁራጭ 3.5 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ይህ ክብደት ገና ክቡ ሳይስተካከል በፍጥነት ሲሽከረከር ቶርኖውን ያንቀጠቅጣል፣ ከመያዣውም ሊላቀቅ ይችላል። ከ500 ዙር በታች መጀመር፣ ክቡ ሲስተካከል ቀስ በቀስ መጨመር፣ ቶርኖው ሲነሣም ከእንጨቱ መስመር ፈቀቅ ብሎ መቆም ያስፈልጋል። ፊትን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጋሻ ያላደረገ ሰው ቶርኖውን ማስነሣት የለበትም፤ መነጽር ብቻውን አይበቃም።

ለእስክርቢቶ ወይም ለማስቀመጫ ስሰረስረው ለምን ይሰነጠቃል?

መሰርሰሪያው በዝግ ቀዳዳ ውስጥ ስለሚሽከረከር ሙቀቱ የሚወጣበት መንገድ የለውም፤ ጥቅጥቅ ያለ እንጨትም ሙቀትን ከመሐል ወደ ውጭ የሚያስተላልፈው በዝግታ ነው። ውስጡ በሙቀት ሲለጠጥ ውጩ እንደነበረ ይቀራል፤ ዞጲ ደግሞ ይህን ውጥረት የሚችልበት ልስላሴ ስለሌለው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይተረተራል። ብዙ ጊዜ ስንጥቁ የሚታየው በዚያው ቅጽበት ሳይሆን በማግስቱ ነው፤ ስለዚህም ሰዎች ጥፋቱን በሙጫው ወይም በሻጩ ላይ ያላክካሉ።

አዲስ የተሳለ መሰርሰሪያ መጠቀም፣ ፍጥነቱን በደቂቃ ወደ 500 ዙር ማውረድ፣ በየአንድ ሴንቲ ሜትሩ መሰርሰሪያውን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ ሰጋቱራውን ማራገፍና እንዲቀዘቅዝ መታገሥ ያስፈልጋል። ቁራጩን ከሚፈለገው ርዝመት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አስረዝሞ መቁረጥና መሰርሰሪያው በሌላው ጫፍ ብቅ ሳይል ማቆም፣ ከዚያም ትርፉን በመጋዝ መቁረጥ፣ በመውጫው በኩል የሚደርሰውን መፈንዳት ያስቀራል። መሰርሰሪያው እጅ የማይነካው እስኪሆን ከጋለ ያ ቁራጭ ተጎድቷል ብሎ መገመት ይሻላል።

ሳፔሌና ዜብራኖ ላይ ገጹ በአንድ በኩል ለስልሶ በሌላው በኩል የሚቦጨቀው ለምንድን ነው?

በእነዚህ ዛፎች ውስጥ ክሩ ለጥቂት ዓመታት ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ ለጥቂት ዓመታት ወደ ግራ እየተጠማዘዘ ያድጋል። ይህ የተቆላለፈ ክር ነው ሳፔሌ ላይ እንደ ሐር ጥብጣብ የሚያብረቀርቀውን መስመር የሚሰጠው፤ ነገር ግን መሮው በአንዱ መስመር ላይ ከክሩ ጋር ሲሄድ በሚቀጥለው ላይ ክሩን ተቃርኖ ስለሚሄድ ይቦጭቀዋል። ክሩን ተከትሎ መቁረጥ የሚለው የተለመደ ምክር እዚህ አይሠራም።

የሚሠራው መጨረሻውን ንብርብር ከመውሰድ በፊት እንደገና መሳል፣ በጣም ቀጭን መውሰድና መሮውን በዝግታ ማስኬድ ነው። በቦታው ላይ ሼላክ (በአልኮል የሚሟሟ ቫርኒሽ) ወይም ሰም ቀብቶ ክሩን ማጠንከርም ይረዳል። ጥልቅ ቡጭቅ በብርጭቆ ወረቀት ይጠፋል ብሎ መታገል ግን ትርፉ ድካም ነው፤ ለስላሳው መስመር ከጠንካራው ይልቅ ስለሚበላ ገጹ ሲዳስሱት የሚሞገድ ይሆናል።

የገዛሁት ቁራጭ በሰም ተለብጧል፤ ደርቋል ማለት ነውን?

አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ያመለክታል። ሻጮች ከባድ እንጨቶችን በቀለጠ ፓራፊን የሚነክሩት ውኃው በድንገት ወጥቶ ቁራጩ መደርደሪያ ላይ ሳለ እንዳይሰነጠቅ ነው። ለአንድ ኢንች (2.5 ሴንቲ ሜትር) ውፍረት አንድ ዓመት የሚለው የቆየ ልማድ ለመካከለኛ እንጨት የሚሆን ግምት ሲሆን፣ ዞጲና ምፒንጎ ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ፤ የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪዎች ቁራጮቻቸውን ለዓመታት አስቀምጠው የሚጠብቁት ያለ ምክንያት አይደለም።

አስተማማኙ መንገድ ሚዛን ነው። ሰሙ ከጎኖቹ ተፍቆ በሁለቱ ጫፎች ላይ ግን ይተዋል፤ ውኃ በጫፍ በኩል ከጎን ይልቅ ብዙ እጥፍ ፈጥኖ ስለሚወጣ፣ ጫፉ ከተገለጠ ይሰነጠቃል። ቁራጩ ተመዝኖ ክብደቱና ቀኑ በራሱ ላይ ይጻፋል፤ ከፀሐይና ከነፋስ ርቆ ይቀመጥና በየወሩ ይመዘናል። ለሦስት ወራት ያህል ክብደቱ ካልተለወጠ ከአካባቢው አየር ጋር ተስተካክሏል። የኤሌክትሪክ እርጥበት መለኪያዎች በእነዚህ ጥቅጥቅ ያሉ እንጨቶች ላይ ለዝርያው ካልተስተካከሉ ስለሚሳሳቱ እኔ ሚዛኑን አምናለሁ።

መጠበቅ የማይፈልግ ሰው እርጥቡን ቁራጭ በጥሬው ቀርጾ ግድግዳውን የዲያሜትሩን አንድ ዐሥረኛ ያህል ወፍራም አድርጎ ሊተወው፣ ጫፎቹን በሰም ሸፍኖ በወረቀት ከረጢት ሊያስቀምጠውና ተጣምሞ ሲደርቅ እንደገና ሊያስተካክለው ይችላል። ወፍራሙ መሐል ቀድሞ ስለተወገደ ውጥረቱ ይቀንሳል፤ ድርቀቱም ከዓመታት ወደ ወራት ይወርዳል። በሁሉም ዘዴ ግን የግንዱ እምብርት ያለበት ቁራጭ መሰንጠቁ አይቀርም። እንጨት በዓመት ቀለበቶቹ አቅጣጫ የሚጨማተተው ከእምብርቱ ወደ ውጭ ከሚጨማተተው በግምት እጥፍ ስለሆነ፣ እምብርቱን የከበበው ክብ የግድ በአንድ ቦታ መከፈት አለበት።

የዞጲው ዕቃ ያለ እንከን ተሠርቶ በብርጭቆ ወረቀት ሳለሰልሰው ጸጉር የመሰሉ ስንጥቆች አወጣ፤ ምን ሆኖ ነው?

ሙቀት ነው። ወረቀቱ ጥቂት ካገለገለ በኋላ ጥርሱ በብናኝ ይደፈናል፤ ወረቀቱ መቁረጡን ሲያቆም ሠሪው ይጫነዋል፤ በዚህ ጊዜ የላይኛው ስስ ንብርብር ደርቆ ከሥሩ ካለው ይልቅ ይጨማተትና ይሰነጠቃል። ፍጥነቱን ለመሮ ከነበረው በግማሽ መቀነስ፣ ወረቀቱን ቶሎ ቶሎ መቀየርና ወረቀቱን የያዙት ጣቶች ሙቀት ከተሰማቸው ማቆም ይገባል። መሮው ጥሩ ከሠራ ከ240 ቁጥር መጀመር ይቻላል፤ ለዞጲና ለምፒንጎ እስከ 600ና ከዚያም በላይ መሄድ ትርጉም አለው፤ ጥቁር ገጽ የትኛውንም ጭረት ያጋልጣልና። ሰም ወይም የማዕድን ዘይት ቀብቶ ማለስለስም ሙቀቱንም ብናኙንም ይይዛል።

ጸጉር የመሰለ ስንጥቅ የዚያኑ እንጨት ደቃቅ ብናኝ ሞልቶ ቀጭን ሱፐር ግሉ በማንጠባጠብ ይጠገናል። ግድግዳውን ዘልቆ የሚያልፍ ስንጥቅ ግን እንደዚህ ተጠግኖ እንደገና ቶርኖ ላይ መውጣት የለበትም፤ ሲሽከረከር ይበተናል።

ብናኙ ከሌላው እንጨት ብናኝ የባሰ ጎጂ ነውን?

የማንኛውም እንጨት ብናኝ ጎጂ ነው፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1995 የእንጨት ብናኝን ሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ በተረጋገጡ ነገሮች ምድብ ውስጥ ያስገባው በተለይ በአፍንጫና በአካባቢው ባሉ ክፍተቶች ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ነው። በዚህ ላይ የአፍሪካ እንጨቶች ብዙዎቹ ከነፍሳትና ከፈንገስ የሚከላከሉባቸው ኬሚካሎች አሏቸው። ምፒንጎና ዘመዶቹ ቆዳን ያሳክካሉ፤ ኢሮኮ ቆዳንም የመተንፈሻ አካልንም ያስቆጣል፤ ማንሶኒያ የተባለው የምዕራብ አፍሪካ እንጨት ማስነጠስና ነስር በማስከተል የታወቀ ነው። ታምቡቲ ከሁሉ ይለያል፤ ወተት መሳዩ ፈሳሹ ዓይንን ክፉኛ ያቃጥላል፣ ጭሱም ይጎዳል፣ ስለዚህ ፍቅፋቂውን ለማገዶ ማዋል ፈጽሞ አይገባም።

እጅግ የሚያሳስበው ነገር ጉዳቱ የሚከማች መሆኑ ነው። ሰውነት በአንድ እንጨት ላይ መቆጣትን ሊማር ይችላል፤ ለዓመታት ያለ ችግር ሲሠራ የኖረ ሰው አንድ ቀን በድንገት ማሳከክ ወይም የደረት መጥበብ ይጀምረዋል፤ ከዚያ በኋላ ጥቂት ብናኝ እንኳ ይቀሰቅስበታል፣ ብዙውን ጊዜም ወደ ነበረበት አይመለስም። የጨርቅ መሸፈኛ ደቃቁን ብናኝ አያግድም፤ ፊት ላይ ገጥሞ የሚቀመጥ ማጣሪያ ያለው መሸፈኛ፣ ብናኙን ከምንጩ የሚስብ ማሽን፣ ከሥራ በኋላም ገላን መታጠብና ልብስን ለብቻው ማጠብ ያስፈልጋል። የደረት መጥበብ የተሰማው ሰው ያንን እንጨት ጨርሶ መተው አለበት፤ የትኛውም ገበቴ ለዚህ አይበቃም።

የፓዱክ ቀይ ቀለም ሳይለወጥ እንዲቆይ ማድረግ ይቻላልን?

ማዘግየት ይቻላል፤ ማስቀረት ግን አይቻልም። ብርሃንና አየር ደማቁን ብርቱካናማ ቀይ ቀስ በቀስ ወደ ጥቁር ቡናማ ይለውጡታል። የፀሐይ ጨረር መከላከያ የተጨመረበት ቫርኒሽና ከመስኮት የራቀ ቦታ ለውጡን ያዘገዩታል። በግሌ የበሰለው ቡናማ ከመነሻው ቀይ እንደማያንስ አምናለሁ፤ ገዢው ግን ይህን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል።

ከነጭ እንጨት ጋር ሲጣመር ሌላ ችግር አለ። የፓዱክ ዱቄት በመካከለኛው አፍሪካ ለዘመናት ለገላና ለጨርቅ ማቅለሚያ ያገለገለ ነው፤ ያው ዱቄት ሲለሰልስ በነጩ እንጨት ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ ሮዝ ያደርገዋል። ነጩ ክፍል ከማለስለሱ በፊት በሼላክ ይሸፈን፣ ብናኙም በወረቀት ከመታሸት ይልቅ በአየር ግፊት ይነፋ። አልኮል ያለበት እርጥብ ጨርቅ ቀለሙን ስለሚያሟሟ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

የቀባሁት ዘይት ሳምንታት አልፈውትም ይጣበቃል፤ ለምን አይደርቅም?

የተልባ ዘይትና ዘይት ያለባቸው ቫርኒሾች የሚደርቁት ውኃ ወይም አልኮል እንደሚተን ተንነው ሳይሆን፣ ከአየር ኦክስጅን ወስደው እርስ በርሳቸው በመያያዝ ነው። ምፒንጎና ዘመዶቹ በውስጣቸው ያላቸው ቅመሞች ይህን መያያዝ የሚያግዱ ስለሆኑ፣ ዘይቱ በገጹ ላይ ለወራት እንደ ማር ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። ተጨማሪ ዘይት መቀባት ችግሩን ያባብሰዋል።

የተጣበቀው በነጭ ጋዝ ወይም በአሴቶን ተጠርጎ ይወገድና በመጀመሪያ ሰሙ የወጣለት ሼላክ በስሱ ይቀባል፤ ሼላክ የሚደርቀው አልኮሉ ሲተን በመሆኑ የእንጨቱ ቅመም አያግደውም፣ በላዩም ማንኛውም ቫርኒሽ ይይዛል። ለምፒንጎ ግን ከሁሉ የተሻለው ምንም አለመቀባት ነው እላለሁ፤ በመፋቂያ በደንብ ከተጠናቀቀና በጨርቅና በጥቂት ሰም ከታሸ የራሱ ቅባት የሚሰጠው ብርሃን ይበቃዋል። ማጣበቅን በተመለከተም ምክንያቱ አንድ ነው፤ የቅባት እንጨቶች ከመጣበቃቸው ጥቂት ደቂቃዎች በፊት በአሴቶን ተጠርገው፣ በተራ ነጭ ኮላ ፋንታ ሁለት ነገሮች ተቀላቅለው በሚጠነክሩበት ኤፖክሲ በተባለው ሙጫ ቢያያዙ ይመረጣል።

ለምግብና ለመጠጥ ዕቃ የትኞቹ ይሆናሉ?

ወይራ ጥቅጥቅ ያለ፣ ቀዳዳው ጠባብና በቂ ጥንካሬ ያለው በመሆኑ ለማንኪያና ለገበቴ ይመረጣል። ፓዱክ ቀለሙ በአልኮል ስለሚሟሟ ለመጠጥ ዋንጫ አይሆንም፤ ለደረቅ ምግብና ለፍራፍሬ ግን ይሆናል። ዌንጌ በሰፋፊ ቀዳዳዎቹና በስንጥሩ ምክንያት አፍ ለሚነካው ዕቃ አይመከርም። ታምቡቲ ፈጽሞ ምግብ ሊነካ አይገባም። የለውዝ ዓይነት ዘይት የተቀባ ዕቃ አለርጂ ላለበት ሰው አደገኛ ሊሆን ስለሚችል የተቀባው ነገር ለገዢው ይነገር።

የተሸጠልኝ ዞጲ እውነተኛ መሆኑን ወይም ምፒንጎ አለመሆኑን እንዴት ልለይ?

በመጀመሪያ ይመዘን። የቁራጩ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ክብደቱ በግራም ለውጤቱ ሲካፈል፣ ምፒንጎ ከ1.2 አካባቢ፣ ዞጲ በ1 ዙሪያ፣ በቀለም የጠቆረ ቀላል እንጨት ግን ወደ 0.7 ዝቅ ይላል። ቀጥሎ ከማይታይ ቦታ ጥቂት ይላግ፤ ቀለም የተነከረ ከሆነ ውስጡ ይገረጣል። የምፒንጎ አዲስ ፍቅፋቂ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ጥቁር ቡናማ ሲሆን፣ ዞጲ ወይ ድፍን ጥቁር ነው ወይም ግራጫና ቡናማ መስመር አለው።

በአሴቶን የራሰ ጨርቅ ማሸት ብዙ ሰው የሚመክረው ፈተና ነው፤ ብቻውን ግን ያሳስታል፤ ምፒንጎም ያለ ምንም ቀለም የራሱን ማቅለሚያ ለጨርቁ ይለቃልና። ሌላም ስሕተት አለ፦ መስመር ያለበትን ዞጲ ሐሰተኛ ነው ብሎ መጣል። ድፍን ጥቁር ዞጲ በተፈጥሮ ጥቂት ነው፤ በካሜሩን ገበያው ጥቁሩን ብቻ ስለፈለገ መስመር ያላቸው ዛፎች ከተቆረጡ በኋላ ጫካ ውስጥ ተጥለው ይበሰብሱ ነበር፤ ቴይለር የተባለው ጊታር ሠሪ ድርጅት በ2011 በያውንዴ የዞጲ መሰንጠቂያ ከገዛ በኋላ መስመር ያለውንም መጠቀም የጀመረው ይህን ለማስቀረት ነው።

እነዚህን እንጨቶች መግዛት፣ መሸጥና ወደ ሌላ አገር መላክ ሕጋዊ ነውን?

እንደ ዝርያው፣ እንደ ዕቃው ዓይነትና ድንበር እንደ መሻገሩ ይለያያል። በ1973 የተፈረመውና በ1975 ሥራ ላይ የዋለው፣ ሳይተስ የሚባለው ስምምነት ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠር ሲሆን፣ በሁለተኛው አባሪው ውስጥ ያሉት ዝርያዎች ንግዳቸው አልተከለከለም፤ ድንበር የሚሻገሩት ግን በፈቃድ ነው። አፍሮርሞዚያ ከ1992፣ የማዳጋስካር ዞጲ ከ2013፣ ምፒንጎን ጨምሮ የእርሱ ወገን የሆኑት ዝርያዎች ከሞላ ጎደል ሁሉና ቡቢንጋ የሚባሉት ሦስት ዝርያዎች ከጥር 2 ቀን 2017 ጀምሮ፣ የአፍሪካ ፓዱክ ዝርያዎች ደግሞ ከየካቲት 23 ቀን 2023 ጀምሮ እዚህ ውስጥ ገብተዋል (ቀኖቹ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)።

ለቶርኖ ሠሪ የሚጠቅመው ዝርዝሩ ውስጥ ያለው ልዩነት ነው። ከኅዳር 2019 ወዲህ ያለቁ የምፒንጎ የሙዚቃ መሣሪያዎች ከፈቃድ ነፃ ናቸው፤ ሌሎች ያለቁ ዕቃዎችም በአንድ ጭነት ውስጥ ያለው የእንጨቱ ክብደት እስከ 10 ኪሎ ግራም ከሆነ እንዲሁ ነፃ ናቸው። ያልተሠራ ቁራጭ ግን መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ፈቃድ ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ያለቀ የምፒንጎ ዋንጫ በፖስታ ሊላክ ሲችል፣ ያው ዋንጫ የወጣበት ቁራጭ ላይላክ ይችላል። ከስምምነቱ በላይም አሜሪካ ከ2008፣ የአውሮፓ ኅብረት ከ2013 ጀምሮ በሕገ ወጥ መንገድ የተቆረጠ እንጨትን የሚያግዱ ሕጎችን ሥራ ላይ አውለዋል፤ ዝርያው በሳይተስ ውስጥ ባይኖርም እንኳ ይሠራሉ።

በምፒንጎ መሥራት ዛፉን ማጥፋት አይሆንምን?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ምፒንጎ ለቆረጣ እስኪደርስ ብዙ ዐሥርተ ዓመታት የሚፈጅ፣ ግንዱ ጠማማና ብዙ ጊዜ ውስጡ የተቦረቦረ ዛፍ በመሆኑ፣ ከተቆረጠው ግንድ ለክላርኔት የሚሆነው ንጹሕ ክፍል ትንሽ ነው። ይሁን እንጂ እንጨቱ ለሚጠብቁት ሰዎች ዋጋ ካላወጣ፣ መሬቱ ለእርሻና ለከሰል መመንጠሩ አይቀርም። በታንዛኒያ የኪልዋ መንደሮች በ2009 በአፍሪካ ማኅበረሰብ ለሚያስተዳድረው የተፈጥሮ ደን ደን በአግባቡ መያዙን የሚያረጋግጠውን የመጀመሪያውን የኤፍ ኤስ ሲ የምስክር ወረቀት ማግኘታቸው ለዚህ ሁነኛ ማሳያ ነው፤ ታንዛኒያዊው የዕፅዋት ሊቅ ሴባስቲያን ቹዋና አሜሪካዊው የቶርኖ ባለሙያ ጄምስ ሃሪስም በ1996 ምፒንጎን የሚተክል ድርጅት በጋራ መሥርተዋል። የቶርኖ ሠሪ ገንዘብ ወደ ተከላ መሄዱ በእኔ ዘንድ ትልቅ ቦታ አለው።

ሠሪው በራሱ እጅ የሚያደርገውም አለ። የመሣሪያ ሠሪዎች የማይቀበሉት ቁራጭ፣ ጉጥና ነጭ ጠርዝ ያለበት፣ ለቶርኖ ሥራ ይበቃል፤ ነጩ ጠርዝ በጥቁሩ ላይ ሲቀር ደግሞ ውበት አለው። ከገበቴ መሐል የሚወጣው እንደ ፍቅፋቂ ከመቅረቱ በፊት በቀጭን መቁረጫ አስቀድሞ ቢወጣ ለትንሽ ሣጥን ክዳን ይሆናል።

ዝርያውና ምንጩ የማይታወቅ አሮጌ ቁራጭ እጄ ገብቷል፤ ልሠራበት እችላለሁን?

እስኪታወቅ ድረስ ከሁሉ የከፋው እንጨት እንደሆነ ተቆጥሮ፣ ሙሉ የመተንፈሻ መከላከያ ተደርጎ፣ ሊሠራበት ይቻላል። አሮጌ የቤት ዕቃ ከነበረ ምስማር ሊኖርበት ስለሚችል አስቀድሞ በማግኔት ይፈተሽ፤ በብረት ዙሪያ ሰማያዊ ጥቁር ምልክት ከታየ እንጨቱ ታኒን (ከብረት ጋር ሲገናኝ የሚጠቁር የዕፅዋት ቅመም) አለው ማለት ነውና እንደ አፍሮርሞዚያ ያለ ሊሆን ይችላል። ለምግብ የሚሆን ዕቃ አይሠራበት። ሲሸጥም ዝርያው ያልታወቀ ተብሎ ይጻፍበት፤ በግምት «ዞጲ» ወይም «ምፒንጎ» ብሎ መጻፍ ገዢውን ማታለል ከመሆኑም ሌላ፣ ዕቃው ድንበር ላይ ሲደርስ ያ ቃል ብቻውን ፈቃድ ሊያስጠይቅና ዕቃውን ሊያስወርስ ይችላል።